ቀዩ ክር የት ገባ?

ባለፈው ሰሞን ደባርቅ ላይ መብራት ጠፍቶ ሰነበተ። የልጄ ልጅ ሐያት ለኢድ የሚደርስ ልብስ ነበረባትና የኤሌክትሪኩን ካውያ ወዲያ ገፍታ፣ ከአልጋ ሥር የአያቷን የከሰል ካውያ ጎትታ አወጣች። ፍም ሞልታ እርጥብ አቡጀዲ ላይ ስታሳርፈው ጭስስ አለና ያ ሽታ ቤቱን ሞላው። የተተኮሰ አዲስ ጨርቅ፣ ከሰል፣ ትንሽ ደግሞ የጋለ ብረት። ከተቀመጥኩበት መነሣት አቃተኝ። "እምዬ፣ አመመሽ እንዴ?" አለችኝ። ምን ያመኛል! ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ሰይድ በሩን ከፍቶ የገባ መስሎኝ ነው እንጂ። ለወትሮው ሐያትን ተቆጥቼ ነበር የማስቆማት፣ ቤት ውስጥ ጭስ አልወድም። የዚያን ቀን ግን ዝም አልኩ፤ ዝም ያልኩበት ሌላም ምክንያት ነበረኝ፣ እነግራችኋለሁ።

ሱቃችን ከመናኸሪያው ወደ ሊማሊሞ በሚወስደው መንገድ ጥግ ላይ ነበር። አሁን እዚያው ላይ የሞባይል መሸጫ ቆሟል፤ ባለፍኩ ቁጥር በመስታወቱ ውስጥ ራሴን አያለሁና ፊቴን አዞራለሁ። ያኔ ባለ ጣውላ በረንዳ ነበር፣ ሰው ሲረግጠው ሲጥ ሲጥ የሚል። ሰይድ ባለ እግር መኪናውን በረንዳው ላይ አውጥቶ ይሰፋል፣ እኔ ከኋላው ክር፣ ቁልፍ፣ ላስቲክ፣ ፖፕሊንና ካኪ እሸጣለሁ። የጧቱን ብርድ አትጠይቁኝ! ሰይድ ጣቶቹን ካውያው ላይ ካላሞቀ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አይችልም ነበር። ፊት ለፊታችን ያለው ቡና ቤት ሸክላ ያጫውታል፤ ዘፈኑ ሞቅ ሲል የሰይድ እግርም ሞቅ ይላል፣ ዘፈኑ ሲያዝን መኪናውም ያዘግማል። "አንተ ሰውዬ፣ ሱሪውን በዘፈን ልትሰፋው ነው?" እለው ነበር። "ዝም በይ እቴ፣ ለጋብቻ የሚለበስ ነው፣ ዘፈን ይግባበት" ይለኛል። ሻይ ከነዳቦው በስሙኒ ነበር። ቀሚስ ማሰፊያ ሁለት ብር፣ ጥልፍ ካለው ሦስት፤ ከበየዳ በእግሩ የመጣ ሰው ከሆነ ደግሞ ሰይድ ዋጋ መጥራት ያፍርና "የመንገዱ ይበቃሃል" ብሎ ይሸኘዋል። እኔ ከኋላ ሆኜ ጥርሴን እነክሳለሁ።

ልብሱስ! ወጣቶቹ ከጎንደር ያዩትን ሁሉ ይዘው ይመጣሉ። ከጉልበቱ በታች ጥላ የሚያህል ሱሪ፣ ኮሌታው ትከሻ የሚደርስ የተትረን ሸሚዝ፣ ጫማው ደግሞ ከፍ ከማለቱ የተነሣ ጭቃ አይነካውም። ልጃገረዶቹ አጭር ጉርድ ያሰፉና ቤታቸው ሲደርሱ እናታቸው አስለቅሳ መልሳ ትልካቸዋለች፣ "ጋሽ ሰይድ፣ ይቺን ጨርቅ ያስረዝሟት" ብለው ይቆማሉ። ጨርቅ እንዴት እንደሚረዝም እንግዲህ አላህ ይወቀው። ሰይድ ግን ያስረዝመዋል፤ ከሌላ ቀለም ጠርዝ ይቀጥልበትና መጀመሪያም እንዲያ የታሰበ ያስመስለዋል። በሳምንቱ ደባርቅ በሙሉ ባለ ሁለት ቀለም ጉርድ ስፋልን እያለ ይመጣል። ጊዜው ምን ዓይነት እንደነበር፣ ማን መጥቶ ማን እንደሄደ ሌሎች ይጻፉት፤ እኔ የማስታውሰው የጉርዱን ርዝመት ነው።

አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ የተነሣው ከዚህ ነው። በዚያ ዘመን በእኛም በዳባትም ልብስ ሰፊ ሁሉ የራሱ የክር ቀለም ነበረው። ሰፍቶ ሲጨርስ በታችኛው ጠርዝ፣ በውስጥ በኩል፣ በዚያ ቀለም ጥቂት ስፌት ጣል ያደርጋል። የሰይድ ቀይ ነበር። የዳባቱ ሰፊ አረንጓዴ። ከአዲ አርቃይ ሽቅብ ወጥቶ መናኸሪያው አጠገብ የሚሰፋ አንድ ቀጭን ሰው ነበር፣ የሱ ሰማያዊ። ስም አይጻፍም፣ ማኅተም የለ። ታዲያ የጥምቀት ዕለት ወይም የኢድ ዕለት ሴቶች አምረው ሲወጡ ትልልቆቹ እናቶች መንገድ ላይ ያስቆሟቸዋል። "ነይ እስቲ ልጄ፣ የማን እጅ ነው?" ይላሉ። ጎንበስ ብለው የቀሚሷን ጠርዝ በሁለት ጣት ገልበጥ ያደርጉታል፤ ጣት ያህል ብቻ፣ ከዚያ በላይ ነውር ነው። ውስጡ የተዝረከረከ ከሆነ ዝም ብለው ይለቁታል፣ ያቺ ዝምታ ሰፊውን ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ትነሣዋለች። ንጹሕ ከሆነ ግን "የሰይድ ነው፣ እጁ ይባረክ!" ይሉና ልጅቷን "አምሮብሻል" የሚሏት ከዚያ በኋላ ነው። አለባበሷ ይደርሳል፣ መጀመሪያ የሰፊው እጅ ይታያል።

በዚህ ነገር እንደ ዳባቷ ወዳጄ እንደ ወርቅነሽ ያለ አልነበረም። የቄስ ልጅ ናት፣ አፏ ምላጭ፣ ለቅዳሜ ገበያ ትመጣና እኛ በረንዳ ላይ ተቀምጣ አላፊ አግዳሚውን ስታስቆም ትውላለች። አንድ ጊዜ የአውራጃው ገዥ ሚስት ከመኪና ወረዱ። ከአስመራ የመጣ ነው የተባለ የከፋይ ቀሚስ ለብሰዋል፣ ዘበኞች ከኋላ ከፊት። ወርቅነሽ ብድግ አለችና "እመቤቴ፣ የማን እጅ ነው?" አለቻቸው። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ወደድኩ። ሴትዮዋ ግን ሣቅ ብለው ጠርዙን ራሳቸው ከፍ አደረጉላት። ወርቅነሽ አየችውና ዝም አለች። ምነው ሸዋ! የገዥ ሚስት ቀሚስ ላይ ዝም! በሳምንቱ ሴትዮዋ ያንኑ ከፋይ በአሽከር አስይዘው ለሰይድ ላኩት፣ "ውስጡን አስተካክልልኝ" ብለው። ሰይድ ወር ሙሉ ሲስቅ ነበር።

እንግዲህ እኔ በዚህ ነው ያረጀሁት። እጄ በዚህ ነው የለመደው።

ሐያት ደግሞ በአያቷ እግር ሥር ነው ያደገችው። ጎንደር ሄዳ ዲዛይን ተማረች፣ ተመልሳ የአያቷን መኪና አሠርታ እዚሁ ቤታችን በር ላይ ተቀመጠች። ክረምቱን ሙሉ አንድ ቀሚስ ላይ ስትሞት ከረመች። ከበየዳ በግ ፀጉር የተሠራ ያን ወፍራም ጥቁር ባና፣ ሰው ሌሊት ብርድ ልብስ የሚያደርገውን፣ አምጥታ ቀደደችው። "አበደች" አልኩ። ከሥሩ ስስ ነጭ የሸማ ጨርቅ አስገባች፣ ሲራመዱበት ጥቁሩ እየተከፈተ ነጩ ብልጭ እንዲል። ሰቅላው ሳየው ደነገጥኩ። ጧት ጧት ከቡይት ራስ ሽቅብ ደመናው ገደሉን ሲለቀው የምናየው ነገር ነው! ያን ጊዜ ነው ከተማው ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል ትልቅ ፋሽን ሾው ሊደረግ ነው የተባለው፣ የሐያትም ቀሚስ ተመረጠ፣ መዝጊያ ሆኖ ይቀርባል ተባለ። "እምዬ" አለችኝ፣ "በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አንድ ሰው ብቻ ይሄ የሐያት ሥራ ነው ካለ ይበቃኛል። ካላለ ግን ነገሩ እዚህ አገር እንደማይሆን ይገባኛል፣ መኪናውን ሸጬ እቀጠራለሁ።" ቀልድ አልነበረባትም። ልብሱን ከማስረከቧ በፊት ጠርዙን ገልብጬ አየሁት፣ ቀዩ ክር አለ። ሰይድ ሲሞት ጥቅሉን ለሷ ነበር የተወው። ስሜ የተጠራ ያህል ደስ ብሎኝ አደርኩ።

የሾው ዕለት ሆቴሉ በር ላይ ያለውን ሰው ብታዩ! የዳባት ሰው በሚኒባስ፣ የገጠሩ በእግሩ። "ሰው ለልብስ እንዲህ ከወጣ አገር ድኗል" አልኩ በልቤ። ወይ የኔ ነገር! ለልብስ የወጣ ማን አለና። ከአዲስ አበባ አንዲት አርቲስት ትመጣለች ተብሎ ነው። ስሟን አልጠራም፤ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፣ እኔ ባልጠራው አይጎድልባትም። ሐያት ፊት ለፊት ወንበር አስይዛልኝ ነበር፤ ስፖንሰር ነኝ የሚል ሰውዬ ሊያስነሣኝ መጥቶ ፊቴን ሲያይ ተወው። ጭፈራው ተጀመረ፣ ልብስ የሚያሳዩት ልጆች ወደ መድረኩ መውጣት ጀመሩ። አንዷ ከዳባት የመጣ ጥልፍ ለብሳ ስታልፍ ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ እንዴት ያለ እጅ ነው! ዞር ብዬ "አያችሁ?" ብል ከኋላዬ ያለው ሰው ሁሉ ጀርባውን ለመድረኩ ሰጥቶ በሩን ያያል። ሁሉም! ስልኩን ወደ በሩ ደግኗል። ልጆቹ ይወጣሉ፣ ይገባሉ፣ የሚያያቸው የለም። የስንት ሰው ክረምት በዚያ ምንጣፍ ላይ አለፈ፣ አንድ ሰው አላየውም። ኧረ ጉድ ነው! እኔ በዕድሜዬ ሙሽራ እየገባች ሰው ፊቱን አዙሮ ሲቆም አላየሁም።

ከብዙ ጊዜ በኋላ አርቲስቷ መጣች። ጩኸቱ ጣሪያውን ሊያነሣው። ወደ ጓዳ አስገቧት፣ ቆይተው አወጧት፤ የሐያትን ቀሚስ ለብሳለች! አልዋሽም፣ ቁመናዋ ያማረ ነው፣ ጥቁሩ ሲከፈት ነጩ ብልጭ ይላል። መድረክ መሪው ማይኩን ይዞ ተጠጋት። አሁን የሐያትን ስም ይጠራል ብዬ ወንበሬን ጨብጬ ጠበቅኩ። "ደባርቅን እንዴት አገኘሽው?" አላት። "ብርዱስ?" አላት። "ሠርግ መቼ ነው?" አላት። ጭላዳ አይተሽ ታውቂያለሽ ወይ ሁሉ ብሏታል። ቀሚሱን? ምንም! በመጨረሻ "አርቲስታችን በራሷ ዲዛይን አሸብርቃ" ሲል ጆሮዬን ጠረጠርኩ። በራሷ ዲዛይን! ሐያትን ፈለግኳት፣ ከመጋረጃው ጎን ቆማ መሬት መሬት ታያለች። አርቲስቷ እየተራመደች እኔ ያለሁበት ፊት ደረሰች። እኔ ምን አሰብኩ? ምንም አላሰብኩም። ብድግ አልኩ፣ "ነይ እስቲ ልጄ፣ የማን እጅ ነው?" አልኩና ጎንበስ ብዬ የቀሚሱን ጠርዝ በሁለት ጣቴ ገለበጥኩት። ጣት ያህል ብቻ።

ቀዩ ክር የለም። በቦታው ወርቃማ ጥብጣብ ተሰፍቷል፣ የአርቲስቷ ስም ተጽፎበት።

"ቀዩ ክር የት ገባ?" ብዬ ጮኽኩ። ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም። ልጅቷ እውነቱን ለመናገር አልተቆጣችም፣ ጎንበስ ብላ "የቱ ክር እማማ?" አለችኝ፤ ዓይኗ ላይ ያየሁት ድንጋጤ እንጂ ክፋት አይደለም። መልስ ልሰጣት ስል ጥበቃ የቆሙ ሁለት ጎረምሶች ክንዴን ይዘው ከመሬት አነሡኝ። አዳራሹ በአንድ ጊዜ ስልኩን ወደኔ አዞረ። በዚያ ሁሉ ሰዓት ልብስ ያላየ ሰው እኔን ለማየት ወንበር ላይ ወጣ።

ቤት ገብተን ሐያት ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች። "አዋረድኩሽ ልጄ" አልኳት። "እኔ ግን እነዚያን ሌቦች አልለቃቸውም። ክርሽን ፈትተው..." "እነሱ አልፈቱትም" አለች። "ታዲያ ማን?" "እኔ ነኝ እምዬ። በገዛ እጄ ነው የፈታሁት።" ያ ረቢ! እዚያ አዳራሽ ውስጥ የደነገጥኩት ድንጋጤ ከዚህ ጋር ሲተያይ ምንም አልነበረም። የአርቲስቷ ማናጀር የሚባለው ሰውዬ ዋዜማውን ጥብጣቡን ይዞ መጥቷል፣ ይሄ ካልገባበት የሌላ ሰው ልብስ ትለብሳለች ብሏታል። አርቲስቷ ይህንን ትወቅ አትወቅ ሐያትም አታውቅም። "የኔን ስም ማን ያውቀዋል?" አለችኝ፣ እንባዋ እየወረደ። "የሷ ስም ካለበት ቢያንስ ቀሚሱ ይታያል ብዬ ነው።" "ታየ?" አልኳት። ሳስበው ክፉ ጥያቄ ነው፣ ግን ወጣ። ተነሥታ መኪናውን በጨርቅ ሸፈነችው፣ እኔንም ከዚያ ቀን ጀምሮ አስፈላጊ ካልሆነ አታናግረኝም።

በሁለተኛው ቀን በራችን ላይ ሰው ተሰለፈ። ጉድ በሉ፣ እኔ ታዋቂ ሆኛለሁ! "የቀሚስ ገላቢዋ እማማ" ብለውኛል፤ ስልክ ላይ አገር ያየው እኔን ነው። አብረን ፎቶ እንነሣ ይላሉ። አንዱ ከጎንደር ድረስ መጥቶ "አንድ ጊዜ ቀዩ ክር የት ገባ በይልኝ" አለኝ። በዚያች ትንሽ በረንዳ ላይ የሐያት ሥራ ተደርድሮ ተሰቅሏል፣ ትከሻቸው ይገፋዋል፣ ቀና ብሎ ያየው የለም። ይኼኔ ነው የነደደኝ። አሮጊት ቀሚስ መግለብ አሳቃቸው፣ ለምን እንደምትገልብ የጠየቀ አንድ ሰው የለም! ከቤት ውስጥ ዱላዬን ይዤ ወጣሁና "መጀመሪያ አንዱን ልብስ ገልብጡና ውስጡን እዩ፣ ያላየ ከኔ ጋር ፎቶ የለም!" አልኩ። ሳቁ። አንዳንዶቹ እውነትም ገለበጡ፤ ምን እንደሚያዩ ግን አላወቁም።

በዚያው ሳምንት ማናጀሩ ደወለ። ሐያትን አዲስ አበባ ይፈልጋታል፣ አርቲስቷ በስሟ የልብስ ቤት ትከፍታለች፣ ሐያት ትሰፋለች፣ ጥብጣቡ የአርቲስቷ ይሆናል። ደመወዙ ጥሩ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ "ዕድል ነው፣ እንዳታመልጥሽ" አላት። እኔ ምን ልበል? የወጣት ልጅ እንጀራ ነው። በልቤ ግን ዕድሜ ልኳን ውስጡ የሌላ ሰው ስም ያለበት ልብስ ስትሰፋ እየታየኝ እህል አልወርድ አለኝ። ሐያት ከኢድ በኋላ መልስ እሰጣለሁ አለችው። መኪናውን የሸፈነውን ጨርቅ ግን አነሣች፤ በሩን ዘግታ ለኔ የኢድ ቀሚስ መስፋት ጀመረች። ለመሰናበቻ ነው ብዬ ገመትኩ። እንግዲህ ያ መብራት የጠፋ ዕለት፣ የከሰሉ ካውያ የወጣው የኔን ቀሚስ ለመተኮስ ነው፤ ዝም ያልኩትም ለዚህ ነው።

የኢድ ጧት ለበስኩት። ቀላል ነጭ ቀሚስ ነው፣ ልክ እንደኔ ቁመት፣ ልክ እንደኔ ጉብጠት። ጠርዙን አልገለበጥኩም። እጄ አንድ ሁለቴ ወረደና መለስኩት፤ ፈራሁ። ቀዩ ክር ባይኖርስ? ከሶላት ተመልሰን በረንዳው ላይ ስንቀመጥ ወርቅነሽ በምርኩዟ ከመናኸሪያው በኩል መጣች። ኢድ በመጣ ቁጥር ከዳባት መጥታ እንኳን አደረሳችሁ ሳትለን አትውልም፣ እኔም ለጥምቀት እሷ ዘንድ ነኝ። ወንበር ሳትይዝ ዓይኗ ቀሚሴ ላይ ዐረፈ። "ቁሚ እስቲ አንቺ ዘሃራ" አለችኝ፣ "የማን እጅ ነው?" "ተይኝ እባክሽ፣ ስልክ ይዞ የሚያይ ይኖራል" አልኳት። "ይይ!" አለችና ምርኩዟን ለሐያት ሰጥታ፣ እያቃሰተች ጎንበስ ብላ፣ ጠርዙን በሁለት ጣቷ ገለበጠችው። ዓይኗን አስጠግታ ቆየች። ዝም አለች። ያቺን ዝምታ አውቃታለሁ።

"ይሄማ የሰይድ አይደለም" አለች ወርቅነሽ ቀና ሳትል። "ቢጫ ነው። በዚህ አገር ቢጫ ክር የነበረው ሰው አላውቅም። ስፌቱ ግን... እጁ ይባረክ! የማን ነው?"

ቢጫ! ዞር ብዬ ሐያትን አየኋት። የወርቅነሽን ምርኩዝ በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች፣ ፊቷ ቀልቷል።

"ቀዩ የአያቴ ነበር" አለችኝ። "የኔ ስላልነበር ነው ስፈታው ያልከበደኝ። ለሰውዬውም ዛሬ ጧት ደውዬለታለሁ፣ አልመጣም ብዬዋለሁ።"

ወርቅነሽ ጆሮዋ እየከዳት ነው፣ ጠርዙን እንደያዘች ጮክ ብላ ደገመች፦ "ኧረ የማን እጅ ነው ስላችሁ!"

"የኔ ነው" አለች ሐያት። "የኔ እጅ ነው።"